የት ላይ ቆምሽ?

ፍሬሽማን ተማሪዎች ጎንደር ገብተው ትምህርቱ ሞቅ ሲል የእኔም ስልክ ሞቅ ይላል። የሚላክልኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው። የዎርክሺት ፎቶ፣ አንዱ ጥያቄ ተከብቦ፣ ከሥሩ "ቲቸር፣ ይህችን ሥሪልኝ" የሚል። አንዳንዱ "በናትሽ፣ ነገ ጠዋት ነው የምናስገባው" ይጨምርበታል።

መልሴም አንድ ዓይነት ነው። "የት ላይ ቆምክ? የሞከርክበትን ወረቀት አንስተህ ላክልኝ።" ሴቷንም "የት ላይ ቆምሽ?" እላታለሁ።

በዚህ የሚቀየሙኝ አሉ። ገሸሽ ያደረግኳቸው ይመስላቸዋል። እኔ ግን የምጠይቀው ከልቤ ልረዳቸው ስለምፈልግ ነው። በፊዚክስ ጥያቄ ላይ እርዳታ የሚሠራው፣ የተማሪው እጅ ከቆመበት መስመር ሲነሳ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ብሠራለት ደግሞ የቆመበት ነገር ሳይነካ ይቀራል።

እዚሁ ጎንደር ሃይስኩል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማታ ማታ ማራኪ ሰፈር ያለው የቤታችን በረንዳ የተማሪ ነው። የሰፈሩ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ይመጣሉ። ጄኔራል ፊዚክስ የያዛቸው የዩኒቨርሲቲ ፍሬሾችም ይመጣሉ። ነገሩ የተጀመረው በችግር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቀረ። ዩቲዩብ የለ፣ ቴሌግራም የለ፣ የቀረን ወረቀትና ሰው ነበር። ያኔ አንድ ሁለት ልጆች በራችንን አንኳኩ። ኢንተርኔቱ ከተመለሰም በኋላ ልጆቹ አልቀሩም፤ እንዲያውም በዙ።

በቅርቡ አንዲት ፍሬሽ ይህን ጥያቄ ይዛ መጣች። 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሣጥን 30 ዲግሪ ባዘነበለ ወለል ላይ ተቀምጧል። አይንቀሳቀስም። የስታቲክ ፍሪክሽን (የቆመ ነገር ሰበቃ) ኮኤፊሸንቱ፣ ማለትም ሚዩ፣ 0.7 ነው። ሣጥኑን የያዘው ሰበቃ ስንት ኒውተን ነው?

ወረቀቷ ንጹሕ ነው። የሣጥኑ ክብደት 49 ኒውተን። ኖርማል ፎርሱ፣ ማለትም ወለሉ ሣጥኑን ቀጥ ብሎ የሚገፋበት፣ 49 በኮሳይን 30 ተባዝቶ፣ 42.4። ይህን በ0.7 አባዝታ 29.7 ኒውተን አግኝታለች። ከሥሩ በማስመሪያ አስምራለች። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው መልስ ግን 24.5 ይላል።

"ቲቸር፣ ሒሳቡ የቱ ጋ ነው የተሳሳተው? ደጋግሜ በካልኩሌተር መታሁት" አለችኝ። ልትበሳጭ ደርሳለች።

ሒሳቡ የትም ጋ አልተሳሳተም። ችግሩ ሒሳቡ ውስጥ አልነበረም። እሱን ግን አልነገርኳትም።

"ሣጥኑን ወደ ታች የሚጎትተው ስንት ነው?" አልኳት። 49 በሳይን 30 አባዛች። "24.5።"

"ወደ ላይ የሚይዘው ሰበቃስ?"

"29.7።"

"የቱ ይበልጣል?"

"ሰበቃው... በ5.2።"

"5.2 ኒውተን ትርፍ ፎርስ ያለበት 5 ኪሎ ሣጥን ምን ይሆናል?"

በ5 አካፈለች። አንድ ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አካባቢ ወጣላት። አክስለሬሽን፣ የፍጥነቱ ለውጥ። "ወዴት?" አልኳት። እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ እንደያዘች ቀረች። "ወደ ላይ" አለች ቀስ ብላ።

ከበረንዳችን ፊት ያለው መንገድ ዳገት ነው። የጎንደር መንገድ መቼም ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ዳገቱ ላይ አንድ ባጃጅ ፍሬን ይዞ ቆሟል። ሾፌሩ ሱቅ ገብቷል። "በአንቺ ሒሳብ ያ ባጃጅ ማንም ሳይነካው ዳገቱን መውጣት አለበት" አልኳት።

ባጃጁን አየች። ወረቀቷን አየች። "እንዴ!" አለች።

ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ። ይህ ለመምህር ከባድ ነው፤ መልሱ ምላስ ላይ ይበላል። ትንሽ ቆይታ ራሷ ተናገረች። "ሰበቃው የሚይዘው የሚፈለግበትን ያህል ብቻ ነው ማለት ነው? የሚጎትተው 24.5 ከሆነ 24.5 ብቻ?" አዎ አልኳት። "እና 29.7ቱ ምንድን ነው?" ጥያቄውን ለእኔ ያቀረበችው መስሏት ነበር፤ መልሱ ከራሷ አፍ ወጣ። "መጨረሻው ነዋ! ከዚያ በላይ ከተጎተተ ይንሸራተታል።"

እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልነግራት እችል ነበር። "ሚዩ በኖርማል ፎርስ ተባዝቶ የሚሰጥሽ ትልቁን የስታቲክ ሰበቃ ነው እንጂ አሁን ያለውን አይደለም።" ደብተሯ ላይ ትጽፈው ነበር። አመስግናኝ ትሄድ ነበር። ሚድ ፈተና ላይ ደግሞ ጥያቄው ትንሽ ተቀይሮ ሲመጣ መልሳ በ0.7 ታባዛ ነበር። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ ተነግሯቸው የጻፉ፣ ጽፈውም ያባዙ ብዙ ልጆች ስላየሁ ነው።

እሷ ግን በዚያው ቀጠለች። "ታዲያ ወለሉ ስንት ዲግሪ ሲሆን ነው መንሸራተት የሚጀምረው?" ይህን ዎርክሺቱ አልጠየቃትም። ሠራችው። የማዕዘኑ ታንጀንት ከሚዩ እኩል ሲሆን፣ ወደ 35 ዲግሪ። እየሠራች ሳለ ክብደቱ ከሁለቱም ወገን ተሰርዞ ጠፋ። ደነገጠች። "5 ኪሎም ሆነ 500 ኪሎ እኩል ዲግሪ ላይ ነው የሚንሸራተተው?" አዎ። እናቴ ቡና ይዛ ስትወጣ ልጅቷ ቀና እንኳ አላለችም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እኔን የረዳኝ 29.7 የሚለው ቁጥር ነው። የጥያቄውን ፎቶ ብቻ ልካልኝ ቢሆን ኖሮ አሳምሬ ሠርቼ 24.5 ብዬ እልክላት ነበር። ምን እንዳላወቀች በፍጹም አላውቅም ነበር። እሷም አታውቅም ነበር። ስለዚህ የተሳሳተውን ገጽ ቀድዳችሁ አትጣሉ። ሰው ፊት ለማቅረብ የሚያሳፍረው ወረቀት ነው ለረዳት በጣም የሚጠቅመው።

ካለፈው ባች የተላለፉ የተሠሩ ዎርክሺቶች ቴሌግራም ላይ እንደ ጉድ ይዞራሉ። አትክፈቷቸው አልልም። ግን አንብቦ "ገባኝ" ማለትና ሠርቶ መግባት ይለያያሉ። በ1989 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዋ ሚሼሊን ቺ እና ባልደረቦቿ ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ተማሪዎች የተሠሩ የሜካኒክስ ምሳሌዎችን ሲያነቡ ጮክ ብለው እንዲያስቡ ተደረገ። በኋላ ጥያቄ በመሥራት የተሻሉት፣ እያንዳንዱ መስመር ላይ ቆም ብለው "ይህ ለምን መጣ?" የሚለውን ለራሳቸው ያብራሩት ነበሩ። እኔ ልጆቼን በየመስመሩ ጎን "ለምን" ብለው እንዲጽፉና ከፊቱ መልስ እንዲሞሉ አደርጋለሁ። መልስ ያላገኙለት መስመር ካለ እሱን ይዘው ይመጣሉ። እሱ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ይቺው ተመራማሪ ከዚያ ቀደም በ1981 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ጋር የሠራችው ደግሞ እኔን ራሴን ቀይሮኛል። ለጀማሪዎችና ለፊዚክስ አዋቂዎች ብዙ ጥያቄዎች ተሰጥተው "የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጉ" ተባሉ። ጀማሪዎቹ ያዘነበለ ወለል ያለበትን ካዘነበለ ወለል ጋር፣ ፑሊ (ገመድ የሚዞርበት ጎማ) ያለበትን ከፑሊ ጋር አደረጉ። አዋቂዎቹ የለዩት በሕጉ ነው፤ ይህ በኢነርጂ ጥበቃ የሚሠራ፣ ያ በኒውተን ሁለተኛ ሕግ። ተማሪ "የፑሊ ጥያቄ አይገባኝም" ሲለኝ አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው። "የትኛው ሕግ ነው እዚህ የሚሠራው? እንዴት አወቅክ?" አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ፑሊው አይደለም።

በረንዳችን ላይ አንድ ደንብ አለ። ጥያቄው ከተነበበ በኋላ ወረቀቱ ይገለበጣል፤ ያነበበው ልጅ ታሪኩን በአማርኛ ይነግረናል። ምን ነገር አለ? ምን ይነካዋል? ቆሟል ወይስ ይሄዳል? እዚህ ክልል ልጆቹ በታችኛው ክፍል በአማርኛ ተምረው ከፍ ሲሉ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ስለዚህ ብዙው ልጅ ቁጥሮቹን ለቅሞ ፎርሙላ ፍለጋ ይሮጣል። ታሪኩን መናገር ካልቻለ ፎርሙላው ምንም አያደርግለትም። ታሪኩን ከተናገረ ደግሞ ፍሪ ቦዲ ዳያግራሙ፣ ማለትም ፎርሶቹን በቀስት የሚያሳየው ሥዕል፣ ግማሹ አልቋል፤ የቀረው ምድር የምትስበውንና የሚነኩትን ነገሮች በቀስት ማስቀመጥ ነው።

ቀስቶቹ ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ቀስት ይመጣል። ኳስ ወደ ላይ ተወርውሮ ከእጅ ከወጣ በኋላ ምን ፎርስ አለበት ብላችሁ ጠይቁ። ግማሹ ክፍል "የወረወርኩበት ፎርስ" የሚል ቀስት ወደ ላይ ያሰምራል። የአየሩን ትንሽ ተቃውሞ ከተውነው ኳሱ ላይ ያለው የምድር ስበት ብቻ ነው። ወደ ላይ የሚሄደው ፍጥነት ስላለው ነው፤ የሚገፋው ስላለ አይደለም። ይህ የእኛ ልጆች ድክመት እንዳይመስላችሁ። በ1985 እ.ኤ.አ. የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሀሉን እና ሄስቴንስ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች የፊዚክስ ኮርሱን ከጨረሱም በኋላ እንዲህ ዓይነት እምነት እንደማይለቃቸው ጽፈዋል። ሃርቫርድ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር "የእኔ ተማሪዎች ግን" ብሎ ቢፈትናቸው፣ ከባድ ስሌት የሚሠሩት ልጆች ቀላሏ የሐሳብ ጥያቄ ላይ ወደቁ። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ጥያቄ አቅርቦ፣ ተማሪው መጀመሪያ ለብቻው እንዲመልስ፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን እንዲያሳምን ማድረግ ጀመረ። እኛም እንደዚያ እናደርጋለን። ትናንት የገባው ልጅ ዛሬ ላልገባው ሲያስረዳ ከእኔ የተሻለ ያስረዳል። የት ላይ እንዳደናቀፈው ገና አልረሳውማ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይሉኝታ።

የዩኒቨርሲቲ መምህር ቢሮው የሚገኝበት ሰዓት በር ላይ ወይ ኮርስ አውትላይን ላይ ይጻፋል። ስንቶቻችሁ ሄዳችኋል ብዬ ስጠይቅ በረንዳው ዝም ይላል። "ምን ብዬ ልግባ?" ይሉኛል። "ይህን እንኳ አታውቂም ቢለኝስ?" በተለይ ሴቶቹና ከገጠር ወረዳ የመጡት ልጆች ይህ ፍርሃት ያስራቸዋል። ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሳም። አንድ መምህር "ይህን ሃይስኩል አልተማርሽም እንዴ?" ብሎ የመለሳት ልጅ አውቃለሁ። ያን ቀን እዚህ መጥታ አለቀሰች። ስሰማ በጣም ነው ያዘንኩት፤ ተናድጃለሁም። የፍሬሽማን ተማሪ ጥያቄ ይዞ ቢሮ ድረስ መሄዱ ራሱ ስንት ነገር አልፎ ነው! ለዚያች ልጅ ሌላ መምህር ጋ እንድትሄድ ነገርኳት። ሄደች፤ እሱ ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

ምን ብላችሁ እንደምትገቡ ልንገራችሁ። "ቲቸር፣ ዎርክሺት ሁለት ላይ ጥያቄ ሰባትን እየሠራሁ ነበር። እስከ ኖርማል ፎርሱ ደርሻለሁ። ከዚህ በኋላ ሰበቃው ወደየት እንደሆነ መወሰን አቃተኝ።" ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ታደርጉታላችሁ። አለቀ። እኔ መምህር ነኝና እመኑኝ፤ እንዲህ ብሎ የመጣ ተማሪ ቀኔን ያበራዋል። "ምዕራፍ ሁለት ሙሉውን አልገባኝም" ለሚለኝ ግን ከየት እንደምጀምርለት እኔም ግራ ይገባኛል።

ስለ ኤአይ ብዙ አልልም። ልጆቹ እንደሚጠቀሙ አውቃለሁ፤ እኔም አልከለክልም። ግን ጥያቄውን አስገብታችሁ መልስ አትቀበሉ። የራሳችሁን ሥራ አስገቡና "የመጀመሪያው ስሕተት የቱ መስመር ላይ ነው? መልሱን አትንገረኝ" በሉት። የሚለውንም መርምሩ፤ በሙሉ ልብ የተሳሳተ ነገር የሚናገርበት ጊዜ አለ።

መመርመር ካልኩ አይቀር፣ መልስ ሲወጣ ቀና ብላችሁ ከተማችሁን እዩ። አንድ ልጅ የባጃጅ ፍጥነት 120 ሜትር በሰከንድ አወጣልኝ። በሰዓት 432 ኪሎ ሜትር ነው! ከፒያሳ አዘዞ ሁለት ሦስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። ኪሎ ሜትር በሰዓቱን ወደ ሜትር በሰከንድ ሲቀይር በ3.6 ማካፈል ሲገባው አባዝቶት ነው። ማንም ሳይነግረው ራሱ አገኘው። ሌላ ቀን ደግሞ የፋሲልን ግንብ ይዘን ነበር። ከፍታው 32 ሜትር ነው። ከጫፉ ድንጋይ ቢለቀቅ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ከስሌቱ በፊት ሁሉም ገመተ። ከግማሽ ሰከንድ ጀምሮ እስከ አሥር ሰከንድ ያለ ሰው ነበር። ስሌቱ 2.6 ሰከንድ አለ፤ መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የገመተ ልጅ መልሱን አይረሳውም፤ ቁጥሩ የሚሟገተው ከራሱ ግምት ጋር ነዋ።

"ቲቸር፣ g-ን (የምድር ስበት አክስለሬሽኑን) 9.8 እንበል ወይስ 10?" የሚለው ጥያቄም አይቀርም። ፈተናው የሚለውን ያዙ። ግን ጎንደር ወደ ምድር ወገብ ቀረብ ያለችና ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ እዚህ በረንዳ ላይ ትክክለኛው ወደ 9.78 ነው። እናቴ የምታፈላው ውሃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ 93 አካባቢ ይፈላል፤ የአየሩ ግፊት ቀለል ስለሚል። ይህን ስነግራቸው ከመተማ የመጣው ልጅ "እኛ ጋ ታዲያ ከዚህ በላይ ነዋ!" አለ። መተማ ቆላ ነው፤ ትክክል ነው። ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ አብረን ግፊቱን ፈልገን ሠራነው። ቴርሞዳይናሚክስ ገና አልጀመሩም ነበር።

ለሲኒየሮች አንድ ነገር ልለምን። ዶርም ውስጥ ጁኒየር ሲጠይቃችሁ እስክሪብቶውን ከእጁ አትውሰዱ። ደግነታችሁን አውቃለሁ፤ ቶሎ ልታሳርፉት ነው። ግን እናንተ ስትጽፉ እሱ ተመልካች ይሆናል። እሱ ይጻፍ፣ እናንተ ጠይቁ። ቢቆምም ትንሽ ጠብቁት። ወላጆችም እንዲሁ። ቱቶር የምትቀጥሩ ከሆነ፣ ሲያስጠና ማነው የሚጽፈው የሚለውን አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ እዩ። አስጠኚው ገጽ በገጽ እየሞላ ልጃችሁ "እሺ፣ እሺ" ብቻ የሚል ከሆነ ገንዘባችሁ ለእጅ ጽሕፈት እየሄደ ነው።

የሚድ ሰሞን እየደረሰ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ክፍት ነው፤ ከምዕራፍ ሁለት እንጀምራለን። ሞጁል አታምጡ፣ እኔ ጋ አለ። የምፈልገው አንድ ገጽ ነው፤ ጀምራችሁ ያልጨረሳችሁት። የቆማችሁበት መስመር ላይ ምልክት አድርጉበት። መብራት ከጠፋ ባትሪ የሞላ ስልክ ያለው ይያዝ፤ ለመብራቱ ነው።